ባዶ እግር የሚያስመስል ጫማ

አመተ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህርት ናት፤ በትምህርት ቤቱ ግን ከምታስተምረው ትምህርት ይልቅ በጫማዋ ነው የምትታወቀው። ጠንካራ ቆዳ፣ ወፍራም ሶል፣ ከኋላው ከፍ ያለ፣ ዝናብም ይሁን ጭቃ ሁልጊዜ የተወለወለ። ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ እያለች ስትመጣ የሚንጫጫው ክፍል ሁሉ ጸጥ ይላል። ሰኞ ሰኞ ሰልፍ ላይ የተማሪውን እግር እያየች ታልፋለች። ጫማው የተቀደደበት ካለ በሰው ፊት አትናገረውም፤ በኋላ ለብቻው ጠርታ ቁጥሩን ትጠይቀዋለች፣ ብዙም ሳይቆይ ጫማ ይመጣል። ከየት ታመጣዋለች ቢሉ፣ ነጋዴውን ትለምናለች፣ ዘመድ ታስቸግራለች፣ የወላጅ ኮሚቴውን መግቢያ መውጫ ታሳጣለች። «እኔ ባለሁበት ግቢ ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ አይኖርም» ብላለች፤ እሷ ካለች አለች ነው።

ዝም ብሎ የመጣ አመል እንዳይመስላችሁ። እናቷ እማማ ወለተ ሰንበት ከአምበር ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሁለቱም እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ ሲያርሙ፣ ሲያጭዱ፣ ውኃ ሲቀዱ ኖሩና አፈሩ በቆዳቸው እየገባ እግራቸውን እንዲያ አደረገው። በኋላ ጫማ ያድርጉ ቢባል የትኛው ጫማ ይገባቸዋል? ሰዉ ደግሞ፣ አይ ሰው! የሚጋባ መስሎት፣ እርግማን መስሎት ሸሻቸው። ሰርግ ሲጠሩ የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው፤ የሚጠጡበት ዋንጫ ለብቻው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ከቅጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር ቆመው አስቀድሰው ይመለሱ ነበር፤ በኋላ እሱንም ተዉት። የተዉትም የገዛ ጎረቤታቸው «ምነው እግርሽን ሰብሰብ ብታደርጊ» ስላለቻቸው ነው። አመተ ሥላሴ ይህን ዛሬም ስታወራው ጎረቤቲቱን ትረግማለች።

ታዲያ ለእሳቸው ልጅ ነው፣ ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለዚህች ሴት፣ ባዶ እግር የሚያስመስል ጫማ የታዘዘላት። ኧረ እናንተዬ!

ነገሩ የጀመረው ከተረከዟ ነው። ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ መሬት ስትረግጥ ሚስማር የወጋት ያህል ያማታል። ቀጥሎ ጉልበቷ ተከተለ። ቆማ ማስተማር አቃታትና ወንበር ስባ ተቀምጣ ማስተማር ጀመረች፤ ይህ ለእሷ ትልቅ ውርደት ነው። ሆስፒታል ስትሄድ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያገኘችው አሸናፊን ነው፤ ድሮ ያስተማረችውን ልጅ። ጫማዋን አስወልቆ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለየ፣ የውስጥ እግሯን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ አያት።

«ቲቸር፣ ጣቶችዎ ተጨናንቀው እርስ በርስ ተደራርበዋል» አላት። «ጫማዎ ሁሉንም ሥራ ስለሚሠራለት እግርዎ ሰንፏል። ጡንቻው ተኝቷል። አሁን ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ስስ፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ አለ። ባዶ እግር እንደመሄድ ማለት ነው። ቀስ እያሉ ቢለምዱት…»

«ምን እንደመሄድ?»

«ባዶ እግር እንደመሄድ።»

አመተ ሥላሴ ከአልጋው ላይ ወረደች። «አንተ አሸናፊ! የዚህን አገር ሰው እግር ምን እንደበላው እዚህ ተቀምጠህ አታውቅም? እኔ ባዶ እግር የሚባለውን ነገር ከልጆች ላይ ለማጥፋት ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ አንተ በመድኃኒት ስም ታዝልኛለህ?»

«አውቃለሁ ቲቸር። ለዚህ ነው ባዶ እግርዎን ይሂዱ ያላልኩት። ጫማ እኮ ነው፤ አፈር አያስገባም።»

«ጫማ ከሆነ ታዲያ ምን አድርጎ ነው ባዶ እግርን የሚመስለው! ባዶ እግር ምኑ ያምራልና ነው የሚመስሉት?»

እስቲ ፍረዱ፣ እውነቷን አይደለም? ሌላ አገር ያለ ሰው ጫማ ሰልችቶት ይሆናል። አባቱ ተጫምቶ፣ አያቱ ተጫምቶ፣ እሱ ምንጣፍ ላይ አድጎ አሁን መሬት መርገጥ ናፍቆት ይሆናል። ይናፍቀው፣ ማን ከለከለው! የአመተ ሥላሴ እናት ግን መሬት ናፍቋቸው አያውቅም። መሬቱ ነው እሳቸውን አልለቅ ያላቸው።

በጫማዋ ቋ ቋ እያለች፣ በየእርምጃው ጥርሷን እየነከሰች ወጥታ ሄደች። ነገሩን ግን ለልጇ ለትንቢት በስልክ ነገረቻት፤ እዚህ ላይ ተሳሳተች። ትንቢት አዲስ አበባ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ለመስቀል ስትመጣ ጫማውን ገዝታ ይዛ መጣች። ግራጫ ነው። ፊቱ እንደ ዳክዬ እግር ሰፊ ነው። ትንቢት ጫማውን ጠቅልላ በአንድ እጇ ጨበጠችው፣ ስትለቀው ተመልሶ ተዘረጋ።

«ይሄ ጫማ ነው ወይስ ጓንት?» አለች አመተ ሥላሴ። «በአያትሽ እግር ልትቀልጂ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሽው?»

«እማዬ፣ ለአስተርእዮ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እወስድሻለሁ ብለሽ ለእምዬ ቃል ገብተሻል አይደል?»

«ገብቻለሁ።»

«በየትኛው እግርሽ ልትወስጃት ነው?»



የቃል ኪዳኑ ነገር እንዲህ ነው። አምና ያበጠ እግር እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚታሰር የሚያስተምሩ የጤና ባለሙያዎች ወደ እናቷ መንደር መጡ። እማማ ወለተ ሰንበት ሳይሰለቹ እግራቸውን በሳሙና እያጠቡ፣ ቫዝሊን እየቀቡ፣ እያሰሩ፣ ማታ ትራስ ላይ ከፍ እያደረጉ ከረሙ። እብጠቱ ጨርሶ ባይጠፋም ጎደለ። ከዚያ በልካቸው የተሰፋ ሰፊ የቆዳ ጫማ ተሰጣቸው፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ጫማ። ያን ጊዜ ልጃቸውን ጠርተው «አንድ ነገር አምሮኛል» አሏት። «ለአስተርእዮ ማርያም ከውስጥ ገብቼ ባስቀድስ። ከዛፉ ሥር አይደለም፣ ከውስጥ። ሌላ ሰው አልፈልግም፣ አንቺ ደግፊኝ። ሰው ሳይመጣ በጠዋት ገብተን ጥጋችንን እንይዛለን። እግሬን ማንም እንዳያይብኝ።»

«እኔ እያለሁ ማንም አያይሽም እምዬ» አለች አመተ ሥላሴ።

ከእናቷ ቤት እስከ ማርያም ያለው መንገድ ግን ባጃጅ አያስገባም። ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ድንጋያማ ዳገት የሚወጣ የእግር መንገድ ነው። በዚያ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ በዚያ በሚያም ጉልበት፣ ራሷን የማትችለው ሴትዮ እናቷን ልትደግፍ ነው! ስለዚህ በንዴት ግራጫውን ጫማ አደረገችው። በንዴት ነው ያልኩት፣ አምናበት አይደለም።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነበር። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ሽቅብ ወደ ባቷ ሲወጣ ተሰማትና ትንቢትን ረገመቻት። ቀጥሎ ግቢ ወጣች። ድሮ መኖሩን እንኳ የማታውቀው ጠጠር ሁሉ አሁን «አለሁ» ይላታል። የግቢውን ጠጠር ተሳደበች፣ ጠጠሩን ያስደፋውን አከራይ ተሳደበች፣ አሸናፊንም አልማረችውም። ጫማውን አድርጋ ትምህርት ቤት የሄደች ቀን ደግሞ የሒሳቡ መምህር አወቀ በመምህራን ክፍል ሰው ሁሉ እየሰማ «ቲቸር፣ ዛሬ በካልሲ መጣሽ እንዴ?» አላት።

«አንተ ጭንቅላትህን ቤት ረስተህ ስትመጣ ማን ምን አለህ!» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ይባስ ብሎ ጫማው ድምፅ የለውም። በር ስትከፍት ክፍሉ ገበያ ሆኖ ይቆያታል፤ ጠረጴዛ ላይ የወጣው ወጥቶ፣ የሚዘፍነው እየዘፈነ። «ሌባ አስመሰለኝ እኮ!» ትላለች። በእልህ ደግሞ የማይሆን ነገር አደረገች። ቀስ እያሉ ይልመዱት የተባለችውን በአንድ ቅዳሜ ልትጨርሰው ፈልጋ ከቤቷ ገበያ፣ ከገበያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ በአስፋልቱ ሽቅብ ተመልሳ ቤቷ ገባች። በማግስቱ ባቷ ተያዘና ከአልጋ መውረድ አቃታት። አሸናፊ ጋ ስትሄድ «ቲቸር፣ የተኛን ሰው በርግጫ ነው እንዴ የሚቀሰቅሱት?» አላት። እሱም ተራውን ተቆጣት፤ እሷም ቁጣውን ተቀበለችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ሰው ሆነ። ትንሽ ትሄዳለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። አረማመዷ ተለወጠ፤ መሬቱን በተረከዟ መደብደብ ትታ ቀስ አድርጋ ማሳረፍ ጀመረች። የገና በዓል ሲደርስ ጣቶቿ ተላቅቀው ነበር። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ ወጥ ቤት ደርሳ ሻይ ከጣደች በኋላ ነው ተረከዟ እንዳላመማት ያወቀችው። ትንቢት ደውላ «ተሻለሽ አይደል?» ስትላት ግን «አየሩ ሞቅ ስላለ ነው» አለቻት። ለዚያ ጫማ ምስጋና ከአፏ አይወጣም፤ ብትሞትም አይወጣም።

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ፤ ሰሞኑን ሲዘጋ የከረመው መንገድም ደግነቱ ያን ቀን ክፍት ነበር። በሚኒባስ አምበር ወርዳ እናቷ ቤት አደረች። ጎህ ሲቀድ ሁለቱም ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። አመተ ሥላሴ በፌስታል የውኃ ጠርሙስና ሳሙና ይዛለች፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ የእናቷን እግር ከአፈሩ ወዲያው ልታጥብ። ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ወንዙን በድንጋይ በድንጋዩ ተሻገሩ፣ ዳገቱን እያረፉ ወጡ። እማማ ወለተ ሰንበት በልጃቸው ክንድ ላይ ተደግፈው በሰፊው ጫማቸው ያዘግማሉ። አመተ ሥላሴ ድንጋዩ የቱ ጋ እንደሚነቃነቅ፣ ሣሩ የቱ ጋ እንደሚያዳልጥ በእግሯ እያወቀች ትመራቸዋለች። አንዴም አላነከሰችም።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ ሰው ገና መግባቱ ነበር። ጫማ የሚወልቀው ከውስጠኛው ቅጥር በር ላይ ነው። እማማ ወለተ ሰንበት በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን እግራቸው ላይ ጣል አድርገው ማሰሪያቸውን መፍታት ጀመሩ። «ሂጂ፣ ከውስጥ ጥጉ ባዶ መሆኑን አይተሽልኝ ነይ» አሏት።

አመተ ሥላሴ ፈጠን ብላ ገባች። ግቢውን አቋረጠች። ጤዛው ቀዘቀዛት፣ የደረጃው ድንጋይ ሻከራት። በሴቶች በር በኩል መቃኑን ተሳልማ ገባችና ሰሌኑ ላይ ቆማ ጥጉን አየች። ባዶ ነው። ደስ አላት።

«ኧረ ጫማ! ማናት ይቺ በጫማ የገባች! ኧረ በእመቤታችን!»

የጮኸው የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ወልደ ገብርኤል ነው፤ ድምፁ ወንዝ ማዶ ይሰማል። አመተ ሥላሴ ማን ይሆን ብላ ዞር ዞር አለች። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ እግር ሲያይ እሷም አየች። ግራጫው ጫማ እግሯ ላይ ነው። ቅዝቃዜው ተሰምቷት፣ ሻካራው ተሰምቷት፣ ያወለቀች መስሏት! እንደዚያ የሰደበችውን ነገር ለካ ያን ያህል ለምዳዋለች። እንኳን እሷ በጫማ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ፣ ሌላው ቢገባ የምትቆጣ ናት እኮ! ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ «ይቅር በሉኝ፣ ረስቼው ነው» እያለች ወደ ቅጥሩ በር ሮጠች። ሰዉ ሳቀ፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። አንዷም «አይዞሽ እህቴ፣ ያጋጥማል» አለቻት።

ግን የሚያየው ዓይን ሁሉ ተከተላት። ተከትሏትም እናቷ ጋ ደረሰ። እማማ ወለተ ሰንበት አንደኛውን ጫማ አውልቀው ሌላውን ሊያወልቁ ጎንበስ ብለዋል፣ ነጠላው ተንሸራትቷል፣ ያ እግር በጠዋት ፀሐይ ፊት ተዘርግቷል። ሳቁ ቆመ። አንዲት እናት ልጇን ከጎኗ ሸሸግ ስታደርጋት፣ አንዱ ሰውዬ ወደ ኋላ ሲል፣ አመተ ሥላሴ ሁሉንም አየች። ማንም አያይሽም ብላ ነበር። የመንደሩን ሰው ሁሉ ዓይን እየጎተተች ያመጣችው ራሷ ናት።

ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል የሰበካ ጉባኤው አባል ብቅ አለች፤ ድምፅዋ ማር ነው። «እማማ፣ ምን አለፋዎት፤ መልሰው ይጫሙና እዚያው ከዛፉ ሥር አረፍ ይበሉ። እመቤታችን እንደሆነች ከየትም ትሰማለች።»

«ምን አልሽ?» አለች አመተ ሥላሴ።

«ለእሳቸው አስቤ ነው እኮ…»

«ለእሳቸው አስበሽ! በጫማ የገባሁት እኔ ነኝ፣ የደፈርኩት እኔ ነኝ። እኔን አይዞሽ፣ ያጋጥማል አላችሁኝ። እሷ እንደ ሥርዓቱ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች ነው፣ እሷን ከዛፍ ሥር ትልካላችሁ! እኔን ላኪኝ! ጥፋተኛዋ እያለሁ ምን አድርጋ ነው እሷ የምትባረረው? አይጋባም፤ ስንት ጊዜ ተነገራችሁ፣ አይጋባም! ከአፈሩ ነው። እናንተ የምታርሱት አፈር፣ ልጆቻችሁን በባዶ እግር የምትሰዱበት አፈር። እርግማን ካለ እርግማኑ የእናንተ ዓይን ነው!»

ጫማዎቿን አውልቃ በእጇ እያወናጨፈች ነው ይህን ሁሉ የምትለው። ወለተ ጊዮርጊስ አማተበች። ወልደ ገብርኤል ዱላውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። «ልክ ብላለች» የሚል አንድ ሰው አልተገኘም፤ አንድ ሰው እንኳ!

እማማ ወለተ ሰንበት በዚህ መሐል ሁለተኛውን ጫማ አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠውታል። ነጠላቸውን ግን ወደ እግራቸው አልመለሱትም። አጣፍተው ለበሱትና «አመተ ሥላሴ፣ ክንድሽን ስጪኝ። ቅዳሴው ሊገባ ነው» አሉ።

ገቡ። እናት በዚያ እግራቸው፣ ልጅ በባዶ እግሯ፣ ጠጠሩን እየረገጡ ግቢውን አቋረጡ። ሰዉ ከፊታቸው መንገድ ለቀቀ። በሴቶች በር ገብተው ጥጋቸው ላይ ሲቆሙ ቀድመው የገቡት ሴቶች እየተገፋፉ ፈቀቅ አሉ፤ አንዷ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ማዶ ተሻገረች። በዙሪያቸው ያለው ሰሌን ባዶውን ቀረ። ሌላው ጋ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ቆሟል።

አመተ ሥላሴ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «ታያለሽ እምዬ? እዚህም እየሸሹሽ እኮ ነው! እንሂድ፣ ተይው፣ እንሂድ በቃ!»

«የት ነው የምንሄደው?» አሉ እናቷ በሹክሹክታ። «ሰው ሲሸሸኝ ነው የኖርኩት ልጄ፣ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ግን ውስጥ ሆኜ ነው የሸሹኝ። ዝም በይና ቁሚ።»

አመተ ሥላሴ በዚያን ቀን ቅዳሴው ምን እንዳለ አልሰማችም፤ ንዴቱ ጆሮዋን ደፍኖት ነበር። እማማ ወለተ ሰንበት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው አስቀደሱ፤ ሌሎቹ ሲደክማቸው ሲቀመጡ እንኳ እሳቸው አልተቀመጡም።